ዕቃው ሳይገዛ ጠጋኙ ይታወቅ፦ ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት መለወጫ ዕቃ ብልሽትና ስለ ሻጮች አገልግሎት

እንደሚታወቀው የማጂ ወረዳ ገበሬ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ከጓሮ አውጥቶ ገበያ የሚያደርሰው በትከሻው፣ በጋማ ከብት ወይም በሞተር ብስክሌት ነው። ከቱም ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወስደውም መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት፣ በክረምት ጭቃው የሚያስቸግር ነው። ሞተር ብስክሌት ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቤንዚን ደግሞ ከማደያው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለሆነም ተራውን ብስክሌት በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሄድ የሚያደርገው የመለወጫ ዕቃ የወጣቶችን ዓይን ቢስብ የሚያስደንቅ አይደለም።

ወሬውንም የሚያጠናክሩ ነገሮች አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በከተማ ባትሪ የሚሞላ ባለሁለት፣ ባለሦስትና ባለአራት እግር ተሽከርካሪ ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው። ከተማ የደረሰ ነገር ውሎ አድሮ ገጠር መድረሱ አይቀርም።

የእርሻ ምርምር ሠራተኛ ስለ ብስክሌት ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባን በቡናው ምክንያት ነው። የታጠበ ቡና ለማዘጋጀት ቀዩ ፍሬ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ከለቀማ እስከ መፈልፈያ ያለው ጉዞ ከዘገየ ፍሬው በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፤ መብላላትም ይጀምራል፤ ጥራቱም ይወርዳል። በለቀማ ወራት መካከል ማጓጓዣው ቢበላሽና ጠጋኝ ባይገኝ፣ ገበሬው ለዕቃው ያወጣውን ገንዘብና የዓመቱን የቡና ጥራት በአንድ ጊዜ ያጣል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለን አስተያየት አጭር ነው። እንደ ቱም ካለ ሩቅ ቦታ ለሚኖር ገበሬ የመለወጫ ዕቃው ዋጋ የሚለካው ከበስተኋላው ባለው የጥገና እርዳታ ነው። እርዳታውም ገንዘብ ሳይከፈል በፊት በጽሑፍ ውል መያዝ አለበት። ይህ ካልሆነ ዕቃው ለጊዜው ባይገዛ ይሻላል እንላለን። ምክንያታችንን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

ዕቃው ምንድን ነው?

ብስክሌትን በኤሌክትሪክ የማስኬድ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ በጎማው እምብርት ላይ ለሚገጠም ሞተር የፈጠራ መብት ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የአሽከርካሪውን እግር የሚያግዝ ሞተር ያለው ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በቻይና ብቻ ከ300 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ባለሁለት እግር ተሽከርካሪዎች በሥራ ላይ ናቸው።

የመለወጫው ዕቃ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም፦

ሀ/ ሞተር፦ በፊተኛው ወይም በኋለኛው ጎማ እምብርት ውስጥ፣ ወይም በፔዳሉ ዘንግ ላይ የሚገጠም፤

ለ/ ባትሪ፦ ብዙውን ጊዜ 36 ወይም 48 ቮልት የሆነ የሊቲየም ባትሪ፤

ሐ/ ኮንትሮለር፦ ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ለሞተሩ የሚያድል ሣጥን፤

መ/ ፍጥነት መስጫ እጀታና ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ፤

ሠ/ ቻርጀር፦ ባትሪውን ከመብራት የሚሞላ መሣሪያ።

እነዚህ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በገመድና በማገናኛ ነው። በእኛ አገር ብልሽት ይበዛበታል ብለን የምንሠጋውም በዚሁ በማገናኛው ላይ ነው። ቴፒ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ለደረቅ የአስፋልት ከተማ ታስቦ የተሠራ ማገናኛ በእንዲህ ያለ ዝናብና ጭቃ ውስጥ ውሃ ቢያስገባና ቢዝግ የሚጠበቅ ነው።

ዳገት የሚጠጣው ኃይል

ከሻጭና ከገዢ ጠብ ውስጥ ብዙው የሚነሣው ባልተበላሸ ባትሪ ላይ ነው። ሻጩ «በአንድ ሙሌት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ ይሸጣል። ገዢው አንድ ዳገት ሲወጣ ባትሪው ያልቅበታል። ገዢው ተታለልኩ ይላል፤ ሻጩም ገዢው አበላሸው ይላል። እዚህ ላይ ስሌቱን ማየት ይጠቅማል።

48 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሁለቱ ሲባዙ 480 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። በሜዳና በጥሩ መንገድ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ቢወስድ ከ32 እስከ 48 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ሻጩ የተናገረው 40 ኪሎ ሜትር እንግዲህ ለሜዳ አገር ውሸት አይደለም።

አሁን ደግሞ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ 30 ኪሎ ቡና ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ 1000 ሜትር ከፍታ ይውጣ እንበል። ጠቅላላው 120 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት 1000 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ ወደ 327 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩና ኮንትሮለሩ በሙቀት የሚያባክኑት ሲታከልበት ወደ 435 ዋት ሰዓት ይደርሳል። ጭቃና ኮረኮንች መንገድ የሚወስደው ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ሰውየው በፔዳል ካላገዘ አንዱ ዳገት ባትሪውን ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ይሁን 20 ኪሎ ሜትር ዋናውን ኃይል የሚበላው ከፍታው ነው።

ከዚህም ሌላ በጎማ እምብርት ላይ ያለ ሞተር በረጅም ዳገት ላይ ቀስ እያለ ብዙ ጭነት ሲጎትት ይግላል። ሙቀቱ ከበዛ ውስጡ ያሉት ገመዶችና ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይቃጠላሉ። በፔዳሉ ዘንግ ላይ የሚገጠመው ሞተር ግን የብስክሌቱን ማርሽ ስለሚጠቀም ለዳገት የተሻለ ነው። ሆኖም ካቴናውንና ጥርሱን ቶሎ ይበላል።

ይህን ጉዳይ የምርምር ሠራተኛ በደንብ ያውቀዋል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ መኖሩ ከታወቀ በኋላ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዓይነቶች ተመርጠው ተሰራጩ። ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ የተመረጠው ቡና በሲዳማና በሐረር መሬት ላይ እንደ አገሩ አልሆነም፤ የየአካባቢውንም የታወቀ ጣዕም አልያዘም። በዚህም ምክንያት ለየአካባቢው ከዚያው ከአካባቢው ቡና የመምረጥ ሥራ ተጀመረ። በአንድ ቦታ ደህና የሆነ ነገር በሌላ ቦታ ሳይሞከር አይታመንም። በሜዳ ከተማ የተመሰከረለት የመለወጫ ዕቃም በማጂ ዳገት ላይ ተጭኖ ሳይሞከር «ይሄዳል» መባል የለበትም።

ብልሽትን በቅደም ተከተል መፈለግ

ገበሬ ወደ እኛ መጥቶ «ቡናዬ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ቢል መልስ ከመስጠታችን በፊት እንጠይቀዋለን። ቢጫ የሆነው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? አንድ ቅርንጫፍ ነው ወይስ መላው ዛፍ? አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ይጠረጠራል፤ አዲሱ ከሆነ የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ዛፉ ባንድ ወገን እየጠወለገ ከሄደ ደግሞ የቡና አድርቅ በሽታን እናስባለን። ሕመሙ ሳይለይ መድኃኒት አይታዘዝም።

«ብስክሌቱ አልሄድ አለ» የሚለውም ቃል «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» እንደማለት ነው። ሻጩ ዘንድ ከመደወል በፊት በቤት ሊደረግ የሚችል ምርመራ አለ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካቻቪቴ፣ የዳዶ መፍቻ፣ ደረቅ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት መለኪያ ነው። በቴስተር ሲለካ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ በጣት ላይ ያለ ቀለበትም እንዲወልቅ ያስፈልጋል። ጎማውም ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ምርመራው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል።

1ኛ/ ቻርጀሩ ይታይ። መብራት መኖሩ በሌላ ዕቃ ይረጋገጥ። ከዚያ የቻርጀሩ መውጫ በቴስተር ይለካ። ለ48 ቮልት የተለመደው ባለ13 ረድፍ የሊቲየም ባትሪ ቻርጀር 54.6 ቮልት ያህል፣ ለ36 ቮልቱ ደግሞ 42 ቮልት ያህል ማሳየት ይገባዋል። ሌላ ዓይነት ሊቲየም ከሆነ ቁጥሩ ስለሚለይ በቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ይነበብ።

2ኛ/ ባትሪው ይለካ። ሙሉ ሆኖ ወደ 54 ቮልት የሚያሳይ ባለ48 ቮልት ባትሪ ደህና ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ አይፈረድም። ባትሪው ሥራ ላይ እያለም፣ ማለትም ጎማው በፍሬን ወይም በዳገት ተይዞ ሞተሩ ሲጎትት፣ እንደገና ይለካ። በእረፍት 52 ቮልት የነበረው በሥራ ጊዜ ወደ 40 ቮልት ግድም ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም በመካከል ያለ ማገናኛ ዝጓል ማለት ነው።

3ኛ/ ቫልቮላውና ማገናኛዎቹ ይታዩ። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ እያንዳንዱ ማገናኛ ተከፍቶ ውሃ፣ ዝገት ወይም የተቃጠለ ምልክት እንዳለበት ይመርመር፤ ደርቆና ተጠርጎ ይመለስ። ከመነቀሉ በፊት ፎቶግራፍ ቢነሣ ሲመለስ ገመድ ከገመድ አይምታታም።

4ኛ/ የፍሬኑ ማብሪያ ይነቀል። የፍሬን እጀታ በጭቃ ተይዞ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ከቀረ ኮንትሮለሩ «ፍሬን ተይዟል» ብሎ ሞተሩን ያቋርጣል። ማብሪያው ተነቅሎ ጎማው ከዞረ ብልሽቱ ተገኘ። በዚህ ሁኔታ ግን መንገድ ላይ አይወጣም፤ ማብሪያው ተስተካክሎ መመለስ አለበት።

5ኛ/ ፍጥነት መስጫው ይለካ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ገመዶች አሉት። በቀዩና በጥቁሩ መካከል ወደ 5 ቮልት ይገኛል። ሦስተኛው ከጥቁሩ ጋር ሲለካ እጀታው ሳይጠመዘዝ ወደ 1 ቮልት፣ ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ ደግሞ ወደ 4 ቮልት ከፍ ይላል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ እጀታው ተበላሽቷል።

6ኛ/ ሞተሩና ኮንትሮለሩ ይለዩ። ባትሪው ተነቅሎ ጎማው በእጅ ወደ ኋላ ሲዞር እየጎተተና እየተንገጫገጨ ከከበደ፣ ከሞተሩ የሚመጡት ሦስቱ ወፋፍራም ገመዶች ከኮንትሮለሩ ይላቀቁ፤ ጫፎቻቸውም እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይደረግ። አሁን ጎማው ከቀለለ የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው። እንደከበደ ከቀረ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም በገመዱ ላይ ነው። በተለይ የጎማው ዘንግ በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ በቦታው ከተሽከረከረ ገመዱን ጠምዝዞ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የዘንጉ ዳዶና ዘንጉን አንቆ የሚይዘው ብረት በየሳምንቱ ይጠበቅ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ደንብ አይረሳ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። በሙከራ መሬት ላይ ማዳበሪያውንም፣ ዘሩንም፣ የመዝሪያውንም ቀን ባንድነት ለውጠን ምርቱ ቢጨምር የቱ እንደጠቀመ አናውቅም። ሦስት ማገናኛ ባንድነት ነቅሎ ሌላ የተካ ሰውም ብስክሌቱ ቢነሣለት እንኳ ብልሽቱ የት እንደነበረ ሳያውቅ ይቀራል።

ሊነካ የማይገባውም ነገር አለ። የሊቲየም ባትሪ ቢያብጥ፣ ቢሸት፣ ሳይሠራ ቢግል ወይም ውሃ ውስጥ ቢሰጥም አይሞላም፤ አይከፈትም። ከሣር ቤትና ከቡና መጋዘን ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ከዚህ ላይ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው። ደህናውም ባትሪ ቢሆን ሰው ተኝቶ ሳለ በመኝታ አጠገብ መሞላት የለበትም። ቮልቱ የተለየ ቻርጀር ማዋስና መዋስም ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ለሻጩ ምን ይነገረው?

ከላይ ያለው ምርመራ ሲያልቅ የስልኩ ንግግር ሌላ መልክ ይይዛል። የሻጩ ሠራተኛ አዲስ አበባ ተቀምጦ ብስክሌቱን አያየውም፤ የሚያየው በገዢው ቃል ነው። «የሸጣችሁልን ዕቃ የማይረባ ነው» ቢባል የሚመልሰው ይቅርታ ብቻ ነው። «ባትሪው በእረፍት 52፣ በዳገት 41 ቮልት ነው፤ ማገናኛዎቹ ደርቀው ተጠርገዋል፤ ፍሬኑ ተነቅሎም ያው ነው» ቢባል ግን ሠራተኛው ምን መላክ እንዳለበት ያውቃል፤ ኃላፊነቱንም ለመሸሽ ይከብደዋል።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የሚከተሉት ተጽፈው ከመደወል በፊት ይዘጋጁ፦

ሀ/ የተገዛበት ቀንና የደረሰኙ ቁጥር፤

ለ/ በባትሪው፣ በኮንትሮለሩና በቻርጀሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በሙሉ፤

ሐ/ ብልሽቱ የሚታየው መቼ እንደሆነ፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ በዳገት፣ ከዝናብ በኋላ ወይም ከሞቀ በኋላ፤

መ/ የተለካው ቮልት በእረፍትና በሥራ ጊዜ፤

ሠ/ የተሞከረው ነገር በተራ በተራ፣ ከነውጤቱ፤

ረ/ ጭነቱ ስንት ኪሎ እንደነበርና መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ።

ስለ ጭነቱ እውነቱ ይነገር። አንድ ኩንታል ጭኖ «30 ኪሎ ነበር» ማለት ጠጋኙን በተሳሳተ መንገድ ይመራዋል፤ በመጨረሻም የሚጎዳው ገዢው ነው። ፎቶግራፉ በቴሌግራም ሊላክ ይችላል። መስመር በማይያዝበት ቀበሌ ደግሞ ወረቀቱ ለገበያ በሚወርድ ሰው እጅ ተልኮ ከከተማ ይነበብ። የተናገረው የሻጭ ሠራተኛ ስም፣ ቀኑና የሰጠው መልስም በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፍ።

ይህን ማድረግ ሕጋዊ ጥቅምም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ቢያገኝ ምንነቱን ገልጦ ለሻጩ ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል። ዕቃውን ከነካርቶኑ ሁለት ወር አስቀምጦ በለቀማ ጊዜ የሚከፍት ገዢ መብቱን ራሱ ያደክማል። ስለሆነም ዕቃው በደረሰ ቀን ተገጥሞ፣ ዳገት ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ መጻፍ ይኖርበታል።

የሻጩ ድርሻ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገዢው ነው። ሸክሙን ሁሉ በገበሬው ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም። ሻጮች ብዙውን ጊዜ «ገዢዎች አያያዝ ስለማያውቁ ያበላሻሉ» ይላሉ። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም አያያዙን በሚያነበው ቋንቋ ያላስተማረ ሻጭ ገዢውን አያያዝ አያውቅም ብሎ ሊወቅስ አይችልም። በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ የታተመ መመሪያ ለቱም ገበሬ እንዳልተሰጠው ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚከፋው «የተበላሸውን መልሱልን፣ እንለውጥላችኋለን» የሚለው የዋስትና ቃል ነው። ቃሉ ሲሰማ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ለብቻው የተላከ የሊቲየም ባትሪ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከልክሏል። የተበላሸና አደጋ ያለው ባትሪ ደግሞ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን አይላክም። እንግዲህ ከውጭ አገር በፖስታ የገዛ ሰው ባትሪውን በየት በኩል ይመልሰዋል? ከቱም አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ጭኖ የሚልክ ሰውም የተበላሸ ባትሪ ከመንገደኛ ጋር መጫኑ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማወቅ አለበት። በእኛ አስተያየት ሊፈጸም የማይችል ዋስትና እንደ ዋስትና አይቆጠርም።

ስለዚህ በደቡብ ምዕራብ ለመሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ ቢያንስ የሚከተሉትን እንዲያሟላ ገዢዎች ይጠይቁ፦

1ኛ/ ባትሪ፣ ኮንትሮለር፣ ፍጥነት መስጫ፣ የፍሬን ማብሪያና ማገናኛ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ በመጠባበቂያነት ይቀመጥ፤

2ኛ/ የተበላሸ ባትሪ እዚያው ተረክቦ ምትክ ይሰጥ፤ አሮጌውን የማንሣት ኃላፊነት የሻጩ ይሁን፤

3ኛ/ መመሪያው በአማርኛ፣ ሥዕልና የቮልት ቁጥር ያለበት ሆኖ ይቅረብ፤

4ኛ/ የዋስትናው ጊዜ ዕቃው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ይቆጠር፤

5ኛ/ ስልክ የሚያነሣው ሰው ዕቃውን በእጁ የፈታና የገጠመ ባለሙያ ይሁን፤ በገበያ ቀንና በለቀማ ወራት በሥራው ላይ ይገኝ፤

6ኛ/ የተነገረው ርቀት በሜዳ ስንት፣ በዳገት ስንት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ቢያሟላ ዋጋው ይጨምራል የሚል መልስ ከሻጮች እንደሚመጣ እናውቃለን። ይጨምራል። ይሁን እንጂ በርካሽ ተገዝቶ በሦስተኛው ወር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ከሁሉ የተወደደ ነው። ትርፉ የሻጩ፣ ኪሳራው የገበሬው ብቻ ሆኖ የሚሄድ ንግድም አዲስ መሣሪያን በገጠር ስም ያጠፋል። አንድ ጊዜ የከሰረ መንደር ከዚያ በኋላ ደህናውንም ዕቃ አይቀበልም። ይህን በዘርና በመሣሪያ ማስፋፋት ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል።

በማኅበር ቢገዛስ?

ከላይ የጠየቅነውን አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠይቅ የሚሰማው የለም። አንድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩን ሚዛን ተፈሪ ላይ መለዋወጫ እንዲያስቀምጥ ሊያስገድደው አይችልም። አሥር ዕቃ የሚገዛ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ይሰማል።

በማኅበር መግዛት ሌላም ጥቅም አለው፤ ይኸውም የአንድ ዓይነትነት ጥቅም ነው። ብልሽትን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የተጠረጠረውን ክፍል በደህናው ተክቶ ማየት ነው። የጎረቤት ብስክሌት ተመሳሳይ ኮንትሮለር ካለው፣ ያንን አሥር ደቂቃ ተውሶ መሞከር ብዙ ስልክ ከመደወል ይበልጣል። አንዱ 36፣ ሌላው 48 ቮልት፣ የአንዱ ማገናኛ ክብ፣ የሌላው አራት ማዕዘን ከሆነ ግን መተካካት የለም፤ ቮልቱ የማይገጥመውን መተካትም ደህናውን ጭምር ያቃጥላል። በቻይና ይህ መሣሪያ በብዛት ሊስፋፋ የቻለው በየሰፈሩ ጠጋኝና መለዋወጫ በቅርብ በመገኘቱ ጭምር ነው። እኛ በየሰፈሩ ጠጋኝ ስለሌለን በመጀመሪያ ዓይነቱን ማሳነስ ይበጀናል።

ስለሆነም ማኅበሩ አንድ ዓይነት ዕቃ መርጦ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ብቻ ገዝቶ፣ አንድ ክረምትና አንድ የለቀማ ወራት ይፈትናቸው። ስንት ጊዜ እንደቆሙ፣ በምን እንደቆሙና ሻጩ በስንት ቀን እንደመለሰ በመዝገብ ይጻፍ። መዝገቡ ደህና ከሆነ የቀረው ይገዛል፤ ካልሆነም የሁለት ዕቃ ኪሳራ ማኅበር የሚችለው ነው። ቀድሞውንም ብስክሌትና ሞተር የሚጠግን አንድ ወጣት ተመርጦ ቴስተር ይሰጠውና ይሠልጥን፤ ለሥራውም ይከፈለው። በነጻ እንዲሠራ የተደረገ ጠጋኝ በለቀማ ወራት የራሱን ቡና ለመልቀም ቢሄድ አይፈረድበትም። በሚዛንና በቴፒ ያሉ የትምህርትና የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም እንዲህ ያለውን አጭር ሥልጠና ቢከፍቱ ለአካባቢው ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ግድብ መገንባቱና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መበረታታቱ ደግ ነገር ነው። በሕዳሴ ግድብ ኃይል መኖሩ ግን በቱም ጠጋኝ አለ ማለት አይደለም። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ገበሬው በቡና ገንዘቡ ሊከፍለው አይገባም።

ስለዚህ ለልማት ሠራተኞች፣ ለማኅበራት አመራርና ለራሳቸው ለገዢዎች የምናሳስበው ይህ ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት «ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው የት ነው? ባትሪውን ማን ይረከባል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ተጽፎ ይፈረም። ሻጩ ለመፈረም እምቢ ካለ ገንዘቡ በኪስ ይቆይ። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ደግሞ ብልሽት ሲመጣ ከቻርጀሩ ተነሥቶ እስከ ሞተሩ በተራ ይመርመር፤ የተለካው ቁጥር ተጽፎ ለሻጩ ይነገረው። ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ የሚጠቅመው የለምና መጠየቁና መጻፉ ከለቀማው ወራት ቀድሞ ይፈጸም።